ሰባተኛው ሳሙራይ የገበሬ ልጅ ነበር

ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ቡና የያዘ ሰው ይሻለዋል።

«ሰባቱ ሳሙራይ» የሚባለውን የጃፓን ፊልም ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። የአኪራ ኩሮሳዋ ሥራ ነው፣ የወጣው በ1954 (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ)። ጥቁርና ነጭ ነው፣ 207 ደቂቃ ይፈጃል። በዚያው ዓመት በቬኒስ ፌስቲቫል የብር አንበሳ ተሸልሟል፤ በ1960 ደግሞ አሜሪካኖቹ ሳሙራዮቹን ካውቦይ አድርገው «ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን» ብለው ሠሩት። ሲኒማ የሚወዱ ሰዎች «እስካሁን አላየኸውም እንዴ?» የሚሉት ዓይነት ፊልም ነው። አሁን አየሁት። ሁለት ማታ ፈጀብኝ፣ ምክንያቱ ርዝመቱ ብቻ አይደለም፣ መብራቱም ነው።

ስለ ካሜራውና ስለ ዝናቡ ውጊያ ብዙ ተጽፏል፣ ያውም ከእኔ በሚሻሉ ሰዎች። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ዓይኔ የሄደው ወደ ገበሬው ነው። እና መጨረሻውን እናገራለሁ። 70 ዓመት ባለፈው ፊልም «ጨረስክብን» የሚለኝ ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ተራራ ሥር ያለች ድሃ መንደር አለች። ሽፍቶች ከላይ ሆነው በፈረስ ላይ ያዩዋታል። ባለፈው መኸር ሩዙን ወስደንባቸዋል፣ አሁን ምንም የላቸውም፣ ገብሱ ሲደርስ እንመለስ ተባብለው ይሄዳሉ። አንድ ገበሬ ይሰማቸዋል። መንደሩ ይሰበሰባል፣ ይለቀሳል። ሁሉንም እንስጣቸውና እንሙት የሚል አለ፣ እንለምናቸው የሚል አለ፣ እንዋጋ የሚል አንድ ሪኪቺ የሚባል ሰው አለ። የሪኪቺን ሚስት ሽፍቶቹ ወስደዋታል፤ ይህን ግን ፊልሙ ቆይቶ ነው የሚነግረን። በመጨረሻ ውሃ ወፍጮ ውስጥ ወደሚኖሩት ሽማግሌ ይሄዳሉ። ሽማግሌው፣ ሳሙራይ ቅጠሩ ይላሉ። በምን እንከፍላለን? በምግብ። በምግብ ብቻ የሚዋጋ ማን አለ? የራበው ሳሙራይ ፈልጉ።

ይቺ መልስ ብቻዋን አንድ ክፍለ ጊዜ ታስተምራለች። ሳሙራይ ሲባል ክብር፣ ሰይፍ፣ መሐላ ነው የሚታየን፤ ሽማግሌው ያዩት ግን ሆድ ነው። ጌታው የወደቀበት ተዋጊ ደመወዝ የለውም፣ ርስት የለውም፣ ያለው ሰይፉ ብቻ ነው፣ ሰይፍ ደግሞ አይበላም። ገበሬዎቹ ከተማ ወርደው ያላቸውን ሩዝ ለሳሙራዮቹ ይቀቅላሉ፤ እነሱ የሚበሉት ከዳጉሳ የማይሻል ተራ እህል ነው። የሳሙራዮቹ መሪ የሚሆነው ካምቤይ (ታካሺ ሺሙራ ነው የሚጫወተው፣ እንዲህ ያለ ረጋ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም) ይህን ሲያውቅ የሩዙን ሳህን ያነሳና በከንቱ አልበላውም ይላል። ውሉ በዚህ ይታሰራል። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም።

እስከዚህ ድረስ የጀግኖችና የምስኪኖች ተረት ይመስላል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ተደላድዬ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ የጥሩሩ ነገር መጣ።

ሳሙራዮቹ መንደር ገብተው ሥራ ከጀመሩ በኋላ፣ ሰባተኛው ሰው፣ ኪኩቺዮ፣ ከአንድ ገበሬ ቤት የተደበቀ ጥሩር፣ የራስ ቁር፣ ጦርና ቀስት እየተደሰተ አምጥቶ ያሳያቸዋል። ማንም አይደሰትም። ፊታቸው ይጠቁራል። ይህ መሣሪያ ከየት መጣ? ተሸንፈው ሲሸሹ፣ ቆስለውና ደክመው በዚህ ካለፉ ሳሙራዮች ላይ ነው የተገፈፈው። ገድለዋቸው ማለት ነው። ከሰባቱ አንዱ፣ ዝምተኛው ኪዩዞ፣ የዚህን መንደር ገበሬ ሁሉ ብገድል ደስ ይለኛል ይላል። እንዲያድኗቸው የመጡላቸውን ሰዎች ነው እንዲህ የሚሉት!

ይሄኔ ኪኩቺዮ ይፈነዳል። ተዋናዩ ቶሺሮ ሚፉኔ ነው። ገበሬን ምን መስሏችሁ ነበር፣ መልአክ? ብሎ ይጀምራል። እህል ካላችሁ ስትሏቸው የለንም ይላሉ፤ ግን አላቸው፣ ወለሉን ቆፍሩ፣ ጎተራውን ፈትሹ፣ ባቄላው፣ ጨዉ፣ ሩዙ፣ መጠጡ ይወጣል፤ ሸለቆው ውስጥ ደግሞ የተደበቀ ማሳ አላቸው። ጦርነት ሲሉ ይሸሻሉ፣ ተሸናፊ ሲያገኙ ያድናሉ። ስስታም፣ ተንኮለኛ፣ አልቃሻ፣ ገዳይ ናቸው። ግን እንዲህ ያደረጋቸው ማነው? እናንተ ናችሁ ይላቸዋል። በየጦርነቱ መንደራቸውን ታቃጥላላችሁ፣ እህላቸውን ትወስዳላችሁ፣ ጉልበታቸውን ትበዘብዛላችሁ፣ ሴቶቻቸውን ትደፍራላችሁ፣ እምቢ ያለውን ትገድላላችሁ፤ ታዲያ ምን ይሁኑ? ብሎ ያለቅሳል። ካምቤይም ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ አንተ የገበሬ ልጅ ነህ አይደል? ይለዋል።

እኔ ፊልሙን አቆምኩት። ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ።

የገበሬ ልጅ ነኝ፣ የሚያውቀኝ ያውቃል። አያቴ በልጅነቴ ስለ እህል ጉድጓድ ይነግረኝ ነበር። የጉድጓዱን አፍ በድንጋይ ከድነው፣ በጭቃና በእበት ለስነው፣ ከላዩ አፈርና አመድ ይበትኑበታል፤ ባስ ሲል ጥጃ ያስሩበታል። «ከማን ነበር የምትደብቁት?» ስለው፣ «ከመጣው ሁሉ» ይለኝ ነበር። ከሽፍታም፣ ሽፍታ ከሚያሳድደውም ማለቱ ነው። ለአያቴ ልዩነታቸው ይህን ያህል አልነበረም። የመማሪያ መጽሐፍ ላይ ገበሬ ሁለት ዓይነት ነው፦ ወይ ጭቁን፣ ወይ አመፀኛ። የሚደብቀው ገበሬ የለም። የሚዋሸው፣ ቀን እየለመነ ማታ የሚጠብቀው የለም። ኩሮሳዋ ይህን ሰው ፊልም ውስጥ አስገብቶታል፤ ሳያስውበውም፣ ሳይሰድበውም። የሚገርመው የኩሮሳዋ አባት ከድሮ የሳሙራይ ቤተሰብ የመጡ ናቸው። ያን ሁሉ ውርጅብኝ በሳሙራይ ላይ ያወረደው የሳሙራይ ዘር ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። በጃፓን ከ1467 ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የመሳፍንት ጦርነት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ኪዮቶ ተቀምጦ ስሙ ብቻ ቀርቶ ነበር፣ የጦር መሪው ሾጉንም እንደዚያው፤ አገሩን የሚገዛው በየአካባቢው ጉልበት ያለው መስፍን ነው። የእኛን ዘመነ መሳፍንት የተማረ ተማሪ ወዲያው ይገባዋል። በዚህ ዘመን የጃፓን መንደር ዝም ብሎ የሚዘረፍ አልነበረም። ብዙ ቦታ የራሱ ሸንጎ፣ የራሱ ደንብ፣ የራሱ መሣሪያ ነበረው። ገበሬው ሲያስፈልግ ጦር ይዞ ይዘምታል፣ ሲመለስ ያርሳል። በገበሬና በወታደር መካከል ያለው አጥር ገና አልጠበቀም ነበር።

ለዚህ ማስረጃ የምወደው ታሪክ አለ። በ1582 ኦዳ ኖቡናጋ የተባለው ኃያል መስፍን በራሱ የጦር አለቃ በአኬቺ ሚትሱሂዴ ተከዳና ኪዮቶ ውስጥ ሆንኖጂ በሚባል ቤተ መቅደስ ሞተ። ሚትሱሂዴ ግን ድሉን ለሁለት ሳምንት እንኳ አላጣጣመውም። ሌላው የኖቡናጋ አለቃ ሂዴዮሺ ገስግሶ መጥቶ ያማዛኪ ላይ ድል ነሳው። ሚትሱሂዴ ሲሸሽ፣ እንደሚተረከው ከሆነ፣ የገደሉት ሳሙራዮች አይደሉም፤ የተሸነፈ ተዋጊ የሚያድኑ ገበሬዎች ናቸው፣ በቀርከሃ ጦር። ያ ፊልሙ ውስጥ የተደበቀው ጥሩር እንግዲህ የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም። የአገሪቱን ታላቅ ሰው የጣለ ሰው ራሱ በገበሬ እጅ ነው የወደቀው።

እና ሂዴዮሺ ይህን አይቷል። ይቺን ያዙልኝ።

ወደ ኪኩቺዮ ልመለስ። ይህ ሰው ሳሙራይ ነኝ ብሎ ሲመጣ የዘር ሐረግ የተጻፈበት ጥቅልል ያሳያል። ካምቤይ ገልጦ ያነብና መሳቅ ይጀምራል። በጥቅልሉ መሠረት ኪኩቺዮ የተወለደው በቴንሾ ሁለተኛው ዓመት ነው፣ በፈረንጅ 1574 ማለት ነው፤ ስለዚህ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነው! ፊት ለፊታቸው የቆመው ግን ጢሙን ያጎፈረ፣ ሰክሮ የሚንገዳገድ ትልቅ ሰው ነው። ጥቅልሉ የተሰረቀ ነው፣ ስሙም ከጥቅልሉ የተወሰደ ነው። እውነተኛ ስሙን ፊልሙ እስከ መጨረሻው አይነግረንም።

እዚህ ጋ ሁሉም ይስቃል፣ እኔ ግን ወረቀት አወጣሁ (የመምህር በሽታ)። በድሮው የጃፓኖች አቆጣጠር ሕፃን እንደተወለደ አንድ ዓመቱ ይባላል። ስለዚህ በ1574 የተወለደ ልጅ 13 የሚሆነው በ1586 ነው። የፊልሙ ዘመን በዚህ ተገኘ። ቀልድ አስመስለው ቀኑን ነገሩን።

በ1586 ጃፓንን የሚገዛው ማነው? ሂዴዮሺ። ሂዴዮሺ ማነው? ኦዋሪ በሚባል አገር ዝቅ ካለ የገበሬ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። የቤተሰብ ስም እንኳ አልነበረውም። ተራ አገልጋይ ሆኖ ጀምሮ፣ የኖቡናጋን ጫማ ይይዝ ነበር ይባላል፣ በጉልበቱና በብልሃቱ ላይ ወጣ። በ1585 የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ለመሆን ሲፈልግ ችግር ገጠመው፤ ያንን ማዕረግ የሚይዙት ከፉጂዋራ ዘር የሆኑ ጥቂት ቤቶች ብቻ ናቸው። ምን አደረገ? ከቤቶቹ በአንዱ፣ በኮኖኤ ቤት፣ በጉዲፈቻ ልጅነት ገባ። በሃምሳኛው ዓመት አካባቢ ያለ ሰው ጉዲፈቻ! ማንም ግን እንደ ካምቤይ አልሳቀበትም።

ሁለቱም የገበሬ ልጆች ናቸው፣ ሁለቱም የተዋሱት የዘር ሐረግ ይዘዋል፣ በዚያው ዘመን። ልዩነቱ አንደኛው አገር ይገዛል፣ ሌላው መንደር ውስጥ ልጆች ሰብስቦ ያስቃል።

የሚቀጥለው ነው የሚያመው። በ1588 ሂዴዮሺ የሰይፍ መሰብሰብ አዋጅ አወጣ። ገበሬ ሁሉ ሰይፍ፣ ጩቤ፣ ቀስት፣ ጦር፣ ጠመንጃ እንዳይዝ ተከለከለ። አዋጁ ምክንያቱን አይደብቅም፦ የማያስፈልግ መሣሪያ የያዘ ገበሬ ግብር ያስቸግራል፣ ያምፃል። ማባበያም አለው። የሚሰበሰበው ብረት ኪዮቶ ውስጥ ለሚሠራው ታላቁ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ምስማርና ማያያዣ ይሆናል፤ ገበሬው በዚህም ዓለም በሚመጣውም ይጠቀማል ይላል። በ1591 ሌላ አዋጅ መጣ፦ ወታደር ገበሬ ወይም ነጋዴ እንዳይሆን፣ ገበሬም ማሳውን ጥሎ ወደ ንግድ ወይም ወደ ቅጥር ሥራ እንዳይሄድ። በዚያው ጊዜ መሬቱ እየተለካ፣ ምርቱ እየተገመተ፣ በአራሹ ስም ይመዘገብ ነበር። ሸለቆ ውስጥ የተደበቀችው ማሳ መዝገብ ውስጥ ገባች ማለት ነው።

ሰውየው የወጣበትን መሰላል አነሳው። ከእሱ በኋላ ሌላ ሂዴዮሺ እንዳይመጣ። ከ1603 በኋላ የመጡት የቶኩጋዋ ሾጉኖች ደግሞ ያንን አጥር እስከ 1868 ድረስ ጠበቁት።

ፊልሙን አሁን በዚህ ዓይን እዩት። ካምቤይ ገበሬዎቹን በሰልፍ ያቆማል፣ የቀርከሃ ጦር አያያዝ ያሠለጥናል። ሄይሃቺ ባንዲራ ይሰፋል፦ ስድስት ክብ፣ አንድ ሦስት ማዕዘን፣ ከታች ገበሬውን የምትወክል ፊደል። ክቦቹ ሳሙራዮቹ ናቸው፣ ሦስት ማዕዘኗ ኪኩቺዮ ነው። ከክቦቹም ከፊደሉም ጋር አልገጠመም፣ መሃል ላይ ነው ያለው። በነገራችን ላይ ጸሐፊዎቹ መጀመሪያ ያሰቡት ስድስት ሳሙራይ ነበር፤ ኪኩቺዮ ኋላ ነው የተጨመረው። እሱ ባይኖር ጥሩ የውጊያ ፊልም ይሆን ነበር፣ ይኸው ነው።

ሽፍቶቹ ወፍጮ ቤቱን ሲያቃጥሉ አንዲት እናት በጦር ተወግታ ሕፃኗን አቅፋ ትመጣለች። ኪኩቺዮ ሕፃኑን ይቀበልና ወንዙ ውስጥ ይቀመጣል። ይህ እኔ ነኝ፣ እኔም እንዲህ ነበርኩ ብሎ ያለቅሳል። ስለ አስተዳደጉ ከዚህ ሌላ ምንም አይነገረንም። አያስፈልግምም።

ከሰባቱ አራቱ ይሞታሉ። አራቱም የሚሞቱት በጥይት ነው። ሽፍቶቹ ያላቸው ሦስት ነፍጥ ብቻ ነው፤ በሰይፍ የሚያሸንፋቸው ያልተገኘው ኪዩዞ እንኳ ዕድሜውን የሠለጠነበት ጥበብ ከአንዲት ጎጆ በተተኮሰች ጥይት ያበቃል። ነፍጡ ጃፓን የገባው በ1543 ነው፣ ታኔጋሺማ በምትባል ደሴት፣ በፖርቱጋሎች እጅ። 1543 ስል የቀድሞ ተማሪዎቼ ጆሯችሁ ቆመ አይደል? የወይና ደጋ ጦርነት! በዚያው ዓመት በየካቲት፣ እነዚያው ፖርቱጋሎች ከአፄ ገላውዴዎስ ጎን ሆነው ነፍጣቸውን ይተኩሱ ነበር፣ ኢማም አሕመድም እዚያው ወደቁ። በአንድ ዓመት ውስጥ የአንድ ሕዝብ መሣሪያ በሁለት የዓለም ጫፍ። ጃፓኖች ግን ነፍጡን ወዲያው ራሳቸው መሥራት ጀመሩ፤ በ1575 ናጋሺኖ ላይ የኖቡናጋ ተኳሾች ዝነኛውን የታኬዳ ጦር መቱት። ለምን እነሱ ሠሩት፣ እኛ ለምን ገዛን የሚለው ሌላ ረጅም ጽሑፍ ነው፣ ዛሬ አልነካውም።

እኛ ስለ ጃፓን ስናወራ ብዙውን ጊዜ የምንጀምረው ከ1868፣ ከሜጂ ነው። ምክንያት አለን። የ1931ዱ ሕገ መንግሥታችን የ1889ኙን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ ነው የተጻፈው፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በዚያው በ1931 ጃፓን ሄደው አይተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጽፈዋል። የዚያ ዘመን ምሁራን ያዩት ፋብሪካውን፣ ት/ቤቱን፣ መርከቡን ነው። ግን ከሜጂ ሥራዎች አንዱ የ1873ቱ የግዳጅ ውትድርና ነበር፤ ለገበሬ ልጅ ጠመንጃ ተሰጠው። በ1876 ደግሞ ሳሙራዩ ራሱ ሰይፍ ታጥቆ መሄድ ተከለከለ። በ1877 ሳሙራዮች በሳይጎ ታካሞሪ መሪነት ሲያምፁ የገበሬ ልጆች የሞሉበት ጦር አሸነፋቸው። ሂዴዮሺ ከ285 ዓመት በፊት የነጠቀው መሣሪያ በመንግሥት ማኅተም ተመለሰ። የት እንዳደረሳቸው ደግሞ 1945 ይናገራል።

ፊልሙ የተሠራው ከዚያ ፍርስራሽ በኋላ ነው። አሜሪካኖች እስከ 1952 ጃፓንን ሲያስተዳድሩ የሳሙራይ ፊልም ላይ ጠበቅ ያለ ሳንሱር ነበር፣ ለጌታ መሞትን ይሰብካል በሚል። ሌላም ነገር ተደርጓል፦ የመሬት ይዞታ ለውጥ። ከባላባት ተገዝቶ ለአራሹ በርካሽ ተሸጠ፤ ከጦርነቱ በፊት ግማሽ ሊሞላ ምንም ያልቀረው የአገሪቱ እርሻ በጭሰኛ ይታረስ ነበር፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወረደ። «መሬት ላራሹ»ን የምታስታውሱ ታላላቆቼ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እንግዲህ በ1954 ሲኒማ ቤት ከገባው ጃፓናዊ ጥቂት የማይባለው አባቱ ትናንት ጭሰኛ የነበረ፣ ዛሬ የራሱን ማሳ የሚያርስ ሰው ነው።

ለዚያ ሰው ነው ካምቤይ የመጨረሻውን ነገር የሚናገረው። ውጊያው አልቋል፣ ገበሬዎቹ ሩዝ ይተክላሉ፣ ከበሮ ይመታሉ፣ ይዘፍናሉ። ሪኪቺም አለ፣ ሲዘምር ፊቱ ሌላ ሰው ይመስላል። ሦስቱ የተረፉ ሳሙራዮች ዳር ቆመዋል፣ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ካምቤይ፣ እኛ ዛሬም ተሸነፍን፣ ያሸነፉት ገበሬዎቹ ናቸው ይላል። ካሜራው ወደ ኮረብታው ይወጣል፤ አራት የአፈር ክምር፣ ጫፋቸው ላይ ሰይፍ ተተክሎባቸዋል። አንዱ የኪኩቺዮ ነው። የገበሬው ልጅ በሳሙራይ ሥርዓት ተቀበረ። የፈለገው ይህንኑ ነበር።

ብዙ ሰው ይህን መጨረሻ የሳሙራዮቹ ኀዘን አድርጎ ያየዋል። የ1954ቱ ተመልካች የሰማው ግን «አሸነፋችሁ» የሚለውን ይመስለኛል፣ መሬቱ እጁ ላይ ነበርና። እኔ ደግሞ ወረቀቴ ላይ 1586 ብዬ ጽፌያለሁ፤ ሁለት ዓመት ብቻ እንደቀራቸው አውቃለሁ። ሁለት መኸር። ከዚያ የሂዴዮሺ ሰዎች ወደዚያች መንደር መጥተው፣ ጦሩን አምጡ፣ ጥሩሩን አምጡ፣ ለቡድሃ ምስማር ነው ይላሉ። ኮረብታው ላይ የተተከሉት ሰይፎችስ? እነሱም ብረት ናቸው።

ማንዞ የሚባለው ገበሬ ትዝ ይለኛል። የልጁን ፀጉር በግድ ቆርጦ፣ ወንድ አስመስሎ ከሳሙራዮቹ የደበቀ አባት ነው። ያ ሰው የሂዴዮሺ ሰዎች በሩ ላይ ሲቆሙ ጎንበስ ብሎ፣ ጌቶቼ፣ እኛ ምን አለንና ሲል ይታየኛል። አንድ ሁለት ዝገት የበላው ጦር ያስረክባል። የቀረውን ከወለሉ ሥር ታገኙታላችሁ።

ፊልሙን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ባትሪያችሁን ሙሉ።